አምስት ሳንቲም የምታህል ጌጅ

ግራ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኙ ግን ነበረኝ፤ በቧንቧ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያየው፤ መሀሉ አለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ባለፈው መስከረም ሐኪሟ መብራቷን አስጠግታ ብዙ ቆየችና፣

«አባባ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«አደርጋለሁ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

«አንዳንዴ እረሳለሁ።»

«ከእንግዲህ የሚረሳ ነገር አይደለም። ጠብታው ያለዎትን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም። ደቃቅ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ይተዉት።»

ስንት ጊዜ ይቀረኛል ብዬ ጠየቅኳት። ወራትም ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም አለች። አላውቅም በማለቷ ወደድኳት። ከሆስፒታሉ ወጥቼ በሚኒባስ ወደ ጉለሌ ስመለስ ግን የማስበው ስለ ዓይኔ አልነበረም። ስለምሠራት ጌጅ ነበር። ዓይኔ ሳይዘጋ ትደርስልኝ ይሆን? ይኸው ነበር ጭንቀቴ።

እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስቆርጥና ሳለሰልስ ኖርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴ ድሮም አያምርም፣ አሁን ደግሞ በዳበሳ፣ በወፍራም ማርከር ስለምጽፍ አንድ ገጽ ስምንት መስመር ብቻ ይይዛል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ባቡር እሠራለሁ። በእንፋሎት የሚሄድ፣ ልጅ ሆኜ ለገሃር ያየሁትን ዓይነት፤ ርዝመቷ አንድ ክንድ ተኩል ነው። ቦይለሯ መዳብ ነው፣ ከሰል ይነድባታል፣ ውሃ ይፈላባታል። በእንፋሎቱ ፈንታ በቧንቧዋ ነፋስ ሲነፋባት መንኮራኩሮቿ ይዞራሉ። የቀራት ጌጅ ብቻ ነበር። ጌጅ ማለት እዚያ ቦይለር ውስጥ እንፋሎቱ ምን ያህል እንደታመቀ በመርፌ የሚያሳይ፣ ሰዓት የሚመስል ዕቃ ነው። ያለ እሱ ቦይለር ማለት በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የተከደነ ድስት ነው።

ሰው፣ «ግዛና ግጠምባት» ይለኛል። እንዲህ ያለ ትንሽ ጌጅ እዚህ አገር አይገኝም። ቢገኝም አልፈልግም። ለምን እንደማልፈልግ ልናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት በምሠራበት ፋብሪካ የቦይለር ክፍሉ ጌጅ ተበላሸና ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ከፍቼ አጸዳሁት፣ መርፌውን አስተካከልኩት። ልክነቱን ለማወቅ ከሌላ ጌጅ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ፤ እዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ነበረ፣ ከእሱ ጋር አስተያየሁት። ሁለቱም እኩል አሉ። ልክ ነው አልኩና ፈረምኩ። መፈረም ከተማርኩ ብዙ ስላልሆነኝ ፊርማዬን ረዘም አድርጌ ነበር የጻፍኩት። የግድግዳው ጌጅ ግን አሳንሶ ነበር የሚናገረው፤ ለስንት ዓመት ማንም አላየውም። ማስተንፈሻውም ዝጎ ኖሯል። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ቧንቧ ፈነዳ።

አጠገቡ የቆመው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ሥራውን ያስገኘሁለት እኔ ነኝ። አልሞተም። እጆቹ ግን ተቀቀሉ፤ ሲድኑ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። አሥራ አንድ ዓመት እኛ ቤት ኖረ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች፣ እኔ ቁርሴን እየበላሁ አያለሁ። ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች ቧንቧው አርጅቶ ነው አሉ፤ አርጅቶም ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ወንድሟ በሌላ ሕመም እስኪሞት ድረስ ለእሱም፣ ለእሷም ትንፍሽ አላልኩም።

እንግዲህ ዓይኔ ከመጥፋቱ በፊት ልክ የሆነች አንዲት ጌጅ በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ። ለማን? ለምን? አትጠይቁኝ። እፈልጋለሁ፣ በቃ።

የጌጅ ሆዱ ውስብስብ አይደለም። ጠፍጠፍ ያለች ቀጭን ቱቦ እንደ ማጭድ ትጎብጣለች። አንድ ጫፏ ተደፍኗል፣ በሌላው እንፋሎት ይገባል። እንፋሎቱ ሲበረታ ቱቦዋ ልትቃና ትሞክራለች፤ ጫፏ የፀጉር ያህል ትነቃነቃለች። ያችን ንቅናቄ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ መዘውሮች ያበዟትና መርፌው ይዞራል። የፋብሪካው ጌጅ ቱቦ ጣት ያህል ነው። የእኔ የክብሪት እንጨት ታህላለች፤ ጌጇ በጠቅላላ ከድሮዋ አምስት ሳንቲም አትበልጥምና።

እንዲህ ያለ የናስ ቱቦ የት ይገኛል? በሬዲዮ አንቴና ጫፍ ላይ። ምናለሽ ተራ ወርጄ ከተሰባበሩ ሬዲዮኖች ሦስት አንቴና አመጣሁ። የመጀመሪያውን እሳት ሳላሳየው ስጠፈጥፈው ተሰነጠቀ፤ የችኮላ ሥራ ነው። ሁለተኛውን በከሰል አለስልሼ ሳጎብጠው መሀሉ ላይ ተጨፈለቀ። ለካ ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ ጧፍ ቀልጦ ቢሞላበት አይጨፈለቅም ነበር። ሦስተኛውን ግን ሳለሰልስ አቀለጥኩት። ድሮ ብረት ሲግል ቀለሙን አይቼ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እል ነበር። አሁን ከሰሉም ቱቦውም አንድ ዓይነት ጉም ሆነብኝ። ከእሳቱ ሳወጣው ፒንሳው ላይ የቀረው የጠብታ ያህል ናስ ነው። እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ቱቦ አይደለም የቆጨኝ። ቀለም አለማየቴ ነው።

አራተኛው አንቴና የባለቤቴ ነው። በዚህኛው ጊዜ መስኮቱን በጆንያ ሸፍኜ፣ በሩን ዘግቼ፣ በጨለማ አጋልኩት፤ ጨለማ ውስጥ ፍሙ ለእኔም ይታየኛል። ጧፍ አቅልጬ ሞላሁበት፣ ጠፈጠፍኩት፣ አጎበጥኩት። እንዳሰብኩት ሆነ።

«የሬዲዮዬ አንቴና የት ሄደ?» አለች በማግስቱ።

ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

«አንተን እኮ ነው! የት ሄደ?»

«ተሠራበት።»

«ምን ተሠራበት?»

«ጌጅ።»

«ቅዳሴ የምሰማበትን ቆርጠህ ለመጫወቻ? ነገ ደግሞ ጥርሴን ትነቅላለህ!»

«ጥርስሽ ናስ አይደለም።»

ሁለት ቀን ሽሮ ያለ ጨው በላሁ። በሦስተኛው ቀን ሽቦ ቀጠልኩላት፤ ሬዲዮው ከበፊቱ ይበልጥ ጠርቶ ተናገረ። ይህን ግን አላመነችልኝም።

ጥቅምትን ሙሉ መዘውሮቹን ስገጥም ከረምኩ። ከአሮጌ የእጅ ሰዓት ያወጣኋቸው ናቸው። በአጉሊ መነጽር፣ ትንፋሼን ይዤ። አንድ ቀን ቱቦዋን ከመዘውሩ ጋር የምታያይዘው ሚስማር ከወረንጦው አመለጠችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ሚስማር ስላችሁ የቤት ሚስማር እንዳይመስላችሁ፤ የሽፋሽፍት ያህል ናት። ናስ ስለሆነች ማግኔት አያነሳትም። በጉልበቴና በእጄ ተንበርክኬ ወለሉን ስዳብስ ባለቤቴ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ጠፋብህ?»

«ሚስማር።»

«ከፊትህ ያለውን ቆሻሻ እንኳ ረግጠኸዋል፤ ሚስማር ታያለህ?»

ሄዳ የበርበሬውን ወንፊት ይዛ መጣች። ወለሉን ጠረገች፣ ጥራጊውን ነፋችው። እያስነጠሰን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው አንዲት ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይቺ ናት?»

በጣቴ ዳበስኳት። «ናት።»

«አታያትም እንዴ?»

«አያታለሁ።»

እጇን ዘረጋች። «ጣቴ ስንት ነው?»

«እጅሽን ከፊቴ አንሺ።»

እጇን አወረደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብታውን ለእኔ አልተወችውም፤ ጠዋትና ማታ እሷ ናት የምታደርግልኝ።

ኅዳር ላይ ጌጇ ተገጣጠመች። የቀረው ፊቷ ላይ ምልክት ማድረግ ነበር፤ ግፊቱ አንድ ሲሆን መርፌው የት እንደሚቆም፣ ሁለት ሲሆን የት እንደሚቆም። ለዚህ ግፊቱ የታወቀ ነፋስ ያስፈልጋል። ከቤታችን ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ አለ፤ ኮምፕሬሰርም ጌጅም አለው። ባለቤቱ ለፍላፊ ወጣት ነው።

«ፋዘር፣ ይቺ የምን መኪና ናት? የበረሮ?»

«ቱቦህን ስጠኝና ዝም በል።»

«ኧረ ለበረሮም ታንሳለች! እሺ፣ አንድ ላይ አድርሻለሁ። ያዙ።»

እሱ የራሱን ጌጅ እያነበበ ይጮህልኛል፣ እኔ በአጉሊ መነጽር የእኔን መርፌ አይቼ በመጫሪያ ነጥብ አደርጋለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። መርፌዋ ስትነሳ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም፤ በስተርጅና ማፈሪያ ነው። አመስግኜው እየተቻኮልኩ ወጣሁ። ቤት ገብቼ አራት ቀን ሙሉ ቁጥሮቹን ጫርኩ።

በሳምንቱ በዚያው ሳልፍ ሰላም ልበለው ብዬ ቆም አልኩ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጎማ እያስነፋ ነበር።

«ሦስት አድርግልኝ» አለው ሹፌሩ። «በአንተ ጌጅ ሁለት ተኩል ላይ ንቀለው።»

«እሱን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለ ጎሚስታው።

የሰማሁት መሰለኝ፣ ያልሰማሁትም መሰለኝ። «ለምንድን ነው ሁለት ተኩል ላይ የሚነቀለው?» አልኩ።

«ይሄ ጌጅ ግማሽ ይሰርቃል፣ ፋዘር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ! እንደሚያውቁ ነው የመሰለኝ።»

«ሁልጊዜ ግማሽ ነው?»

«ግማሽ ነው።»

«ውሸቱን ነው፣ አባባ» አለ ሹፌሩ። «ከአራት ወዲያ አንድ ሙሉ ነው የሚሰርቀው። የአይሱዙ ሹፌሮችን ይጠይቋቸው።»

እዚያ የተደረደረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። «ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ ልጁ። እርሱ ምን አጠፋ? የሚውለው የጌጁን ጉድ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነው። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በሰው ጌጅ ተማምኜ የሰው እጅ አስበላሁ፤ በሰባ ዓመቴ፣ ያንኑ ነገር፣ በዚያው እጄ፣ ደግሜ ሠራሁት። ሳልጠይቅ። ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ስለማስብ ሰው አልጠይቅም፤ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት።

«እና ግማሽ ምን አላት?» አለች። «መጫወቻ አይደለች? ወይ ሰው አይሳፈርባት! ተዋት፣ ዓይንህን አሳርፍ።»

ያኔ ወጣብኝ። አስቤበት አይደለም። የግድግዳውን ጌጅ፣ ፊርማዬን፣ ዘጠኙን ቀን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እያወራሁ ሳለ እጇ ቆመ። ስጨርስ እንደገና መልቀም ጀመረች። ምስሩን እስከ መጨረሻው ለቀመች። ሰፌዱን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች። ጠብታውንም አልተወችውም፤ ጠዋትና ማታ አጠገቤ ትቆማለች፣ የዓይኔን ቆብ በሁለት ጣቷ ትከፍታለች፣ አንድ ጠብታ ጣል ታደርግና ትሄዳለች። ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር ነው፤ እኔ ግን ፊቷን ሳይሆን አገጯን ብቻ ነው የማየው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝም።

ሌላ መድረሻ ስላልነበረኝ ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ ገባሁ። የጌጇን ፊት ነቅዬ ጣልኩትና አዲስ፣ ምንም ያልተጫረበት ቆረጥኩ። ከእንግዲህ የማንንም ጌጅ አላምንም አልኩ። አንድ ኪሎ ግፊት ማለት የጥፍር ስፋት ባለው ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ክብደት ተጫነ ማለት ነው፤ የድሮ ጌጆች የሚጻፉትም በኪሎ ነበር። እንግዲያው የዚያች ስፋት ልክ የሆነች ፒስተን ከነቤቷ ሠርቼ፣ ከሥሯ ዘይት ሞልቼ፣ ከላይ ክብደት ብጭንባት ዘይቱ ጌጇን በትክክል ይገፋታል። በዚህ መሀል የሚዋሽ የለም። ቶርኖው ላይ በዳበሳ ሠራኋት፤ የውፍረት መለኪያውን የማይክሮሜትሩን ዙር እየቆጠርኩ፣ ልኳን ፒስተኗ ቤቷ ውስጥ ስትወርድ በምታሰማው ድምፅ እየለየሁ። እጄ አልረሳም። ዓይኔ ይዘጋል እንጂ እጄ አልረሳም።

ለክብደቱ ሰፈር ካሉት ሱቆች የሚዛን ድንጋይ ለመንኩ። ግን እሱም ቢዋሽስ? ሦስት ሱቅ ዞሬ የአንዱን ኪሎ በአንዱ ሚዛን አስመዘንኩ።

«አባባ፣ ሌባ ነህ እያሉኝ ነው?» አለኝ ሦስተኛው ባለሱቅ።

«አላልኩም። መዝነው።»

«ሃያ ዓመት ከእኔ ስኳር ሲገዙ...»

«ስኳሩን ተወው፣ መዝነው።»

መዘነው። የሁለቱ እኩል ሆነ፣ የእሱ ጎደለ። ሳቀና፣ «በሉ ለሰው እንዳይነግሩብኝ» አለኝ። ከሁለቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ይዤ ሄድኩ።

ፒስተኗ ላይ ሁለት ኪሎ ጫንኩ። ዘይቱ ገፋ፤ መርፌዋ ስትነሳ በጣቴ ጫፍ ንዝረቷ ተሰማኝ። አጉሊ መነጽሩን አንስቼ ጎንበስ አልኩ። የለችም። መብራቱን አስጠጋሁ። አንገቴን ወዲህ ወዲያ አልኩ። ነጭ ነገር አለ፣ ነጩ ላይ ጥላ አለ፣ ጥላው መርፌ ይሁን የአፍንጫዬ ይሁን አልለይም። በዚያ ወር የቀረኝ ቧንቧም ጠቦ ኖሯል። እዚህች አምስት ሳንቲም ላይ፣ ከፊቴ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ የሆነ ነገር ቆሟል፤ እኔ ግን የት እንደቆመ አላየውም። መነጽሩን ወረወርኩት። አለቀስኩ፤ ምን አባቱ፣ ለምን እደብቃለሁ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በሩ ተከፈተ። እሷ ናት።

«ፈቀቅ በል» አለች።

ፈቀቅ አልኩ። ዱካው ላይ ተቀመጠች።

«መርፌዋ የቆመችበት ላይ በመጫሪያው ነጥብ አድርጊ» አልኳት።

ጫረች።

«ክብደቱን ላንሳና እንደገና ልጫን። ነጥብሽ ላይ መመለስ አለባት።» አነሳሁ፣ ጫንኩ። «ተመለሰች?»

«አልተመለሰችም።»

«በጣትሽ ጫፍ ነካ አድርጊያት።»

«አሁን ተመለሰች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ብሎ የሚፈርመው አንተ ነህ» አለች። «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ድንጋዩን ለወጥኩ። አንድ ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ። እኔ እጭናለሁ፣ እሷ ታያለች፣ ትጭራለች። አንዱንም ለእኔ ብላ አላቀናችውም፤ መርፌዋ ትንሽ ካለፈች አለፈች ትላለች፣ ካልደረሰች አልደረሰችም ትላለች። ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋገምናቸው። ስንጨርስ መጫሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጌጇን ባቡሯ ላይ ገጠምኩ። ቦይለሩን ውሃ ሞላሁት። ከዚያ ጠየቅኳት፤ ሳልጠይቅ መኖር ይብቃኝ ብዬ ነው።

«እሳት ሳነድ መርፌዋን ታነቢልኛለሽ?»

«አላነብም። ወንድሜ ቆሞ ያነብ ነበር። እኔ የሚነድ ቦይለር አጠገብ አልቆምም።» ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ሌላ ሰው ጥራ ይሉኛል። አልጠራም። የእኔ ጌጅ በማን ዓይን እንደተሠራች አውቃለሁና በሌላ ሰው አላስነብባትም። ሳትነበብ ደግሞ አላነዳትም። ስለዚህ ባቡሯ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዛ ቆማለች። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አሁን የሚታየኝ መስኮቱ ብቻ ነው፤ እሱም በፀሐይ ጊዜ።

ትናንት ጠዋት ጠብታውን ካደረገችልኝ በኋላ ወዲያው አልሄደችም።

«ውሃው ስንት ጊዜ ሆነው?» አለች።

«የቱ ውሃ?»

«ባቡርህ ውስጥ ያለው።»

«ሦስት ሳምንት።»

«ይሸታላ። ቀይረው» አለችና ወጣች።

ቀየርኩት።